ጉብታው ከየት ይመጣል? ስለ ባለጉብታ ዳንቴል የሚባለውና እውነቱ

ዳንቴል የምትሠራ እናት ዘንድ ሄዳ «ያንን ፈንዲሻ የሚመስል ጉብታ ያለውን አሳዪኝ» ያለች ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኘው መልስ «እሱ ቆየት ብለሽ ነው፤ እጅ ይፈልጋል» የሚል ነው። ምክሩ ከቅን ልብ ይመጣል፤ ትክክል ግን አይደለም። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ጠፍጣፋውን ሥራ እየደጋገመ ይሰለችና ኪሮሹን መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ይረሳዋል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ጉብታ ለመሥራት የሚያስፈልገውን ዕውቀት ጀማሪዋ በመጀመሪያው ሳምንት ጨርሳዋለች።

የኪሮሽ ሥራ መሠረቱ ሰንሰለትና ሁለት ዓይነት ቋሚ ነው። አጭሩ ቋሚ የሚሠራው ኪሮሹን አስገብቶ፣ ክር ስቦ፣ ኪሮሹ ላይ የተቀመጡትን ሁለት ዐይኖች በአንድ ጊዜ በመዝጋት ነው። ለረጅሙ ኪሮሹ ከመግባቱ በፊት ክሩ አንዴ ይጠመጠምበታል፤ ከዚያ ሦስቱ ዐይኖች ሁለት ሁለት እየሆኑ ይዘጋሉ። ጉብታ የሚወጣው ከእነዚህ ከሁለቱ የቁመት ልዩነት ነው። ረጅሙ በሁለት አጭር ቋሚዎች መካከል ሲቆም ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ቦታ ያጣል፤ ስለዚህ ወገቡ ይጎብጥና ወደ ውጭ ይወጣል። ምሥጢር የሚባለው ይኸው ነው።

ለማየት የሚፈልግ ሃያ አንድ ሰንሰለት ይሥራ። ከኪሮሹ ሁለተኛ በሆነው ሰንሰለት ይጀምርና አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም እያለ ረድፉን ይጨርስ፤ ሃያ ቋሚ ይኖረዋል። አንድ ሰንሰለት ሠርቶ ሥራውን ያዙር፤ ይህች ሰንሰለት አትቆጠርም። ከዚያ በረጅሙ ላይ አጭር፣ በአጭሩ ላይ ረጅም እያደረገ ይመለስ። ስድስትና ሰባት ረድፍ ሲሞላ በጣት የሚዳሰስ፣ ጥቃቅን እብጠት ያለው ጨርቅ እጁ ላይ ያገኛል። አዲስ ነገር አልተማረም፤ የሚያውቃቸውን ሁለቱን አፈራረቀ እንጂ።

ፈንዲሻውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በአንዲት ቀዳዳ ውስጥ አምስት ረጅም ቋሚዎች ይሠራሉ። ኪሮሹ ከዐይኑ ይወጣና በመጀመሪያው ቋሚ አናት ላይ ከፊት ወደ ኋላ ይገባል፤ የተተወችውን ዐይን ይዞ በዚያው ይስባታል። አምስቱ ተሰብስበው ወደ ሠሪዋ ይወጣሉ። ረድፉ የጀርባው ከሆነ ኪሮሹ ከኋላ ወደ ፊት ይገባል፤ ያኔ ጉብታው በወዲያኛው፣ በፊቱ በኩል ይወጣል። ጀማሪዎች «አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ ወጣብኝ» እያሉ የሚያማርሩት ኪሮሹ የሚገባበትን አቅጣጫ የነገራቸው ስለሌለ ነው።

«ባለጉብታ ለሠለጠነ እጅ ነው» ለሚለው ታሪክም መልስ አለው። አየርላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ የድንች ሰብል በበሽታ ሲጠፋና ረሃብ ሲገባ፣ ዳንቴል ለድሃ ቤተሰቦች የገቢ ምንጭ እንዲሆን በየቦታው ማስተማር ተጀመረ። በሞናሃን አውራጃ በክሎንስ ከተማ የቄስ ባለቤት የነበረችው ካሳንድራ ሃንድ በ1847 ሙያውን ወደ አካባቢው አስገባች። የአየርላንድ ዳንቴል የሚታወቀው ደግሞ በተደራረቡ የጽጌረዳ አበባዎቹ ነው፤ ክሎንስም በስሟ የሚጠራ፣ ክሩ በኪሮሹ ዙሪያ ደጋግሞ ተጠምጥሞ የሚዘጋ ጉብ ያለ ቋጠሮ አላት። ረሃብ ላይ ያለ ሰው ለዓመታት ጠፍጣፋ ሲለማመድ የሚቆይበት ጊዜ የለውም።

ከሁሉ በላይ ጉዳት የሚያደርሰው እምነት ግን «ጠበቅ ካላደረግሽው ጉብታው ይተኛል» የሚለው ይመስለኛል። ነገሩ በተቃራኒው ነው። ጉብታ ቁመት ይፈልጋል፤ ቁመት ደግሞ ላላ ካለ ዐይን ይመጣል። ክሩ ሲጠብቅ ቋሚዎቹ ያጥራሉ፣ ከአጫጭሮቹ ጋር እኩል ይሆናሉ፤ ጉብታውም ይጠፋል። አጥብቂ የተባለችው ጀማሪ ይህን ስታይ የበለጠ ታጠብቃለች። በሚቀጥለው ረድፍ ኪሮሹ አልገባ ይላታል፤ አውራ ጣቷም ያማታል። መፍትሔው ዐይኑን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ ቁመት ከሰጡት በኋላ መዝጋት ነው። እጇ በተፈጥሮው የሚያጠብቅ ከሆነ ከእጇ ጋር ከመታገል ይልቅ በግማሽ ሚሊሜትር የወፈረ ኪሮሽ ትያዝ።

የክሩም ነገር እንዲሁ ነው። በየቤቱ የቴሌቪዥንና የትሪ ልብስ የሚሠራው በቀጭን የጥጥ ክርና ከሁለት ሚሊሜትር በታች በሆነ የብረት ኪሮሽ ስለሆነ ጀማሪም በዚያ ይጀምር ይባላል። በቀጭን ክር ግን አምስቱ ቋሚዎች የት እንደገቡ ዐይን አይለያቸውም። መካከለኛ ውፍረት ያለው የሹራብ ክርና አምስት ሚሊሜትር ኪሮሽ ይሻላል። ክሩ ልሙጥ፣ አንድ ቀለምና ነጣ ያለ ይሁን። ጥቁር ክር ዐይኖቹን ይደብቃል፤ ጠጉራምና ዝንጉርጉር ክር ደግሞ የተለፋበትን ጉብታ ይውጠዋል። የጥጥ ክር ሲገዛ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ክሩ እንደሚቀጥን ማወቅ ይጠቅማል፤ 20 ቁጥር ከ10 ቁጥር ይቀጥናል። ባለጉብታ ሥራ ከጠፍጣፋው የበለጠ ክር ስለሚበላም ትርፍ ገዝቶ መጀመር ነው።

«ቪዲዮውን እያየሁ ሠራሁ፣ ሌላ ነገር ወጣልኝ» የምትል ጀማሪም ራሷን ትወቅሳለች። አሜሪካዊት አስተማሪ «ደብል ክሮሼ» ስትል ረጅሙን ቋሚ ማለቷ ነው፤ እንግሊዛዊቷ በዚያው ስም የምትጠራው አጭሩን ነው። በእንግሊዝ አጠራር «ሲንግል» የሚባል ቋሚ ስለሌለ መመሪያው ውስጥ እሱ ካለ የአሜሪካ ነው ማለት ይቻላል። ከሁሉ የሚሻለው በሥዕል የተሠራውን መመሪያ ማንበብ ነው። የመስቀል ምልክት አጭሩን፣ ግንዱ ላይ አንዲት ሰረዝ ያለበት የእንግሊዝኛ «ቲ» ፊደል ረጅሙን ያመለክታሉ። ሥዕሉን ጃፓን ይሣለው ብራዚል፣ ቋንቋ ሳያስፈልግ ይነበባል።

ሥራው ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ሲጠብ «እጄ ጠማማ ነው» ይባላል። እጅ ምንም አላደረገም፤ የረድፉ የመጨረሻ ቋሚ ሳይሠራ ታልፎ ነው። በረድፉ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቋሚ ላይ መርፌ ቁልፍ ማድረግና በየረድፉ መቁጠር ይበቃል። በፈንዲሻ ሥራ አምስቱ ተሰብስበው እንደ አንድ እንደሚቆጠሩ አይረሳ። የክብ ዳንቴል ጠርዝ ሲጥመለመል ደግሞ ምክንያቱ ቋሚ መብዛቱ ነው። የሒሳብ ሊቋ ዳይና ታይሚና በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1997 ይህንኑ መጥመልመል ሆን ብላ ተጠቅማበት፣ በየተወሰነ ቁጥር ቋሚ እየጨመረች ሃይፐርቦሊክ የሚባለውን ገጽ ተማሪዎቿ በእጃቸው ይዘው እንዲያዩት አድርጋለች። ብዙዎቻችን አበላሸሁ ብለን የምንተረትረውን ነገር እሷ የጂኦሜትሪ ማስተማሪያ አደረገችው።

ግራኝ መሆን እንቅፋት አይደለም፤ ከአስተማሪዋ ጎን ሳይሆን ፊት ለፊት ተቀምጦ እንቅስቃሴዋን እንደ መስታወት መከተል ነው።

የቀረው ካውያ ነው። «ዳንቴል ካልተተኮሰ አያምርም» የሚለው ልማድ ለጠፍጣፋው ይሠራ ይሆናል፤ ባለጉብታውን ግን ካውያ በአንድ ጊዜ ይደፈጥጠዋል። ክሩ አክሪሊክ ከሆነ ሙቀቱ ጭረቱን ስለሚያቀልጠው ጉብታው ዳግመኛ አይነሣም፤ ስለዚህ በክሩ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ሳያዩ አለመተኮስ ነው። የጥጥ ከሆነ ይታጠብና በፎጣ ተጠቅልሎ ውኃው ይመጠጣል፤ ሳይጠመዘዝ ትራስ ወይም ፍራሽ ላይ ተዘርግቶ ጠርዙ በስፒል ይያዛል። ስታርች የሚደረግበት ከሆነ ገና እርጥብ ሳለ እያንዳንዱን ጉብታ ከጀርባው በጣት ገፋ አድርጎ ማስነሣት፣ ከዚያም እስኪደርቅ ሳይነኩ መተው ነው።