ሁሉንም በስኳር አናሳብብ

ቀን የሚጫጫን ድካም፣ ሌሊት ለሽንት መመላለስ፣ ጠዋት ራስን እያመመ መነሳት። ስኳር ያለበት ሰው ከእነዚህ አንዱ ሲሰማው «ስኳሬ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ነገር ግን እነዚሁ ስሜቶች ስሊፕ አፕኒያ የሚባለው፣ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ እየተቋረጠ የሚያስቸግረው ሕመም ምልክቶችም ናቸው። ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታና ይህ ሕመም ደግሞ አዘውትረው በአንድ ሰው ላይ ይገናኛሉ።

እኔ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ በእንቅልፍ ምርመራ ክፍል የሌሊት ባለሙያ ነኝ። የታካሚው ራስ ላይ ሽቦ እለጥፋለሁ፣ ደረቱና ሆዱ ላይ ቀበቶ አስራለሁ፣ ጣቱ ላይ የኦክስጅን መለኪያ አደርጋለሁ፤ ከዚያ ጎን ካለው ክፍል ሆኜ እስኪነጋ ስክሪኑን እከታተላለሁ። ከሚመጡልኝ ሐበሾች ብዙዎቹ ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጠው የሚውሉ የታክሲና የኡበር ሾፌሮች ናቸው።

ስኳራቸው ለዓመታት አልስተካከል ያላቸውን አንድ አባት «ጋሼ፣ ሌሊት ስንቴ ይነሳሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ሦስቴም አራቴም። ስኳሩ ነዋ ልጄ፣ ሽንቱ መቼ ያስተኛኛል!»

አብረዋቸው የመጡት ባለቤታቸው ግን ዝም አላሉም። «ኧረ ሌላም አለ። ሲያንኮራፉ ቆይተው ድንገት ጭጭ ይላሉ። ትንፋሻቸው የሄደ እየመሰለኝ በድንጋጤ እቀሰቅሳቸዋለሁ።»

ሌሊቱን ስክሪኑ ላይ ያየሁት ይኸንኑ ነበር። የትንፋሻቸው መስመር ቀጥ ይላል፤ ደረታቸው ግን አየር ለማስገባት ይታገላል። ኦክስጅናቸው ይወርዳል። ከዚያ አንጎል ለቅጽበት ይነቃና በኃይል ይተነፍሳሉ። ጠዋት ስጠይቃቸው አንዱንም አያስታውሱትም።

ስንተኛ የጉሮሯችን ጡንቻ ይላላል። አንገቱ ዙሪያና ምላሱ ሥር ስብ በተከማቸበት ሰው ላይ የአየር መተላለፊያው ይጠባል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይዘጋል። ትንፋሽ ቢያንስ 10 ሰከንድ ከቆመ አንድ መቋረጥ ተብሎ ይቆጠራል። ትንፋሹ በሰዓት 5 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚቋረጥበት ወይም በጣም የሚቀንስበት ሰው ሕመሙ አለበት ማለት ነው፤ ከ30 ካለፈ ከባድ ነው።

ኦክስጅን በወረደ ቁጥር ሰውነት አደጋ የመጣ ይመስለውና አድሬናሊንና ኮርቲሶል ይለቃል። ጉበት ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም ያፈሳል፤ ኢንሱሊንም ሥራው ይዳከማል። ሰውየው ምንም ሳይበላ ተኝቶ ሳለ ስኳሩ ሊጨምር የሚችለው በዚህ ነው። የሌሊቱ ሽንትም ምክንያት አለው። ደረት ከተዘጋ ጉሮሮ ጋር ሲታገል ልብ ይለጠጣል፤ የተለጠጠ ልብ ደግሞ ኩላሊት ጨውና ውኃ እንዲያስወጣ የሚያዝ ሆርሞን ይለቃል።

በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ስሊፕ አሄድ የተባለ የአሜሪካ ጥናት ዓይነት ሁለት ስኳርና ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባቸውን 306 ሰዎች መርምሮ ከመቶው 86ቱ ላይ ሕመሙን አግኝቷል። ወገባቸው የሰፋ ይበልጥ ተጋላጭ ነበሩ። ያም ሆኖ ቀጭን ሰውም ሊይዘው ይችላል፤ ሴቶች ላይ ደግሞ ከማንኮራፋት ይልቅ ድካምና የእንቅልፍ ማጣት ጎልቶ ሊታይ ይችላል።

ሕክምና አለው። በ1981 እ.ኤ.አ. ሲድኒ ውስጥ ኮሊን ሱሊቫን የተባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ያስተዋወቁት ሲፓፕ የተባለ ማሽን በጭምብል አየር እየገፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ ያደርጋል። በአንዳንድ ጥናቶች ስኳርን ሲያሻሽል ታይቷል፣ በሌሎች አልታየም፤ ስለዚህ የስኳር መድኃኒትን አይተካም። የቀን እንቅልፍን ግን ያቃልላል፣ የደም ግፊትንም ይቀንሳል። መሪ ላይ ለሚያንቀላፋ ሾፌር ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ የተሳፋሪውም ጭምር። ክብደት መቀነስ ደግሞ ሁለቱንም ሕመሞች ይረዳል። በስሊፕ አሄድ ጥናት በአንድ ዓመት ውስጥ በአማካይ 11 ኪሎ ግድም ከቀነሱት መካከል አፕኒያው ጨርሶ የጠፋላቸው ከሌሎቹ ከሦስት እጥፍ በላይ ነበሩ። ማታ መጠጥ መተውና በጎን መተኛትም ይጠቅማል።

ማንኮራፋት የጥሩ እንቅልፍ ምልክት አይደለም፤ የሚያሳፍር ነገርም አይደለም። ለስኳር ክትትል ስትሄዱ የሦስት ወሩን የስኳር ውጤት ብቻ ሰምታችሁ አትመለሱ። ታንኮራፉ እንደሆነ፣ ትንፋሻችሁ ይቋረጥ እንደሆነ፣ ቀን እንቅልፍ ያስቸግራችሁ እንደሆነ ለሐኪሙ ንገሩት። አብሯችሁ የሚተኛ ካለ ይዛችሁት ሂዱ፤ እናንተ የማትሰሙትን እሱ ይሰማል። ብቻችሁን የምትኖሩ ሌሊቱን በስልካችሁ ቅዱት። ሐኪሙ ስለ እንቅልፋችሁ ካልጠየቃችሁ እናንተው ጀምሩለት።