ነውሩ ሌላ፣ አደጋው ሌላ

ሕፃን ልጅ ይሸናል። ካካ ይላል። ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። የልጅ ተፈጥሮው ይኸው ነው። ነገር ግን ብዙ ወላጆች በዚህ ይጨነቃሉ። አንዳንዶቹ ሰው ፊት ያፍራሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ «ልጄ ይታመምብኛል» ብለው ይፈራሉ። ዛሬ ስለዚህ ጉዳይ አብረን እናነባለን።

እኛ በወልቂጤና በቡታጅራ ከተሞች የምናስተምር ነን። ከተማሪዎቻችን ብዙዎቹ እናቶች ናቸው። ልጅ አዝለው ይመጣሉ። ታዲያ ልጁ ክፍል ውስጥ ሲያበላሽ እናቲቱ ትሳቀቃለች። በማግስቱ ከትምህርት ትቀራለች። «ምነው ጠፋሽ?» ስንላት «ልጁ አዋረደኝ እኮ» ትላለች። አንዲት አሮጊት ተማሪያችን ይህን ሰምተው «ልጆቼ፣ ከመካከላችን በሕፃንነቱ ያልሸና ማን አለ?» አሉና አሳቁን። እውነታቸውን ነው። ልጅ ስላበላሸ ከትምህርት መቅረት አይገባም። ወለሉ ይታጠባል፤ ትምህርቱም ይቀጥላል።

እንግዲህ ነውርና አደጋን እንለይ። ልጅ በእንግዳ ቀሚስ ላይ ቢሸና ያሳፍር ይሆናል እንጂ በሽታ አያመጣም። ቀሚሱ ይታጠባል። እናት ግን የልጇን ካካ ጠርጋ እጇን በሳሙና ሳትታጠብ ቆጮ ብትቆርስ ማንም አያያትም። ማንም አይስቅባትም። አደጋው ግን ያለው እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ሰው «ጡት የሚጠባ ሕፃን ካካው አይጎዳም» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። የሕፃን ካካም በሽታ የሚያመጡ ተሕዋስያን ይኖሩበታል። ተሕዋስያን በዓይን አይታዩም። ከካካ ወደ እጅ ይሄዳሉ። ከእጅ ወደ ምግብ፣ ከምግብ ወደ አፍ ይገባሉ። ዝንብም ተሸክማ ታደርሳቸዋለች። የዶሮና የከብት ፋንድያም እንዲሁ ነው። ልጅ የሚድህበት ወለል ላይ ዶሮ ከዋለ፣ ልጁ በእጁ ነክቶ ወደ አፉ ይወስደዋል።

ይህ ወሬ ብቻ አይደለም። በ1970ዎቹ መጨረሻ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡመዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በቡታጅራና በዙሪያዋ ትልቅ ጥናት ጀመረ። በ10 ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞሩ መዘገቡ። ማን ተወለደ? ማን ሞተ? በምን ሞተ? ብለው ጠየቁ። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን በብዛት ይገድሉ ከነበሩት ውስጥ የሳንባ ምችና ተቅማጥ ዋነኞቹ ሆነው ተገኙ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተሻሽሏል። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ድረስ እየመጡ ያስተምራሉ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ሮታ የሚባለውን ተቅማጥ የሚከላከል ክትባት ለሕፃናት መስጠት ተጀመረ። በአፍ የሚሰጥ ጠብታ ነው። ተቅማጥ ግን ጨርሶ አልጠፋም። ስለዚህ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

አሁን እናቶች ደጋግመው ወደሚጠይቁን ጥያቄ እንምጣ።

ልጁ ካካውን በእጁ ቢነካስ? አትጩኹበት። አትምቱት። እጁን በውሃና በሳሙና እጠቡት። የራሳችሁንም እጅ ታጠቡ። ጥፍሩን አሳጥሩለት።

አፈር ወይም የዶሮ ኩስ ቢበላስ? ከአፉ አውጡለት። አፉንና እጁን እጠቡለት። ጣት ከቶ ማስታወክ አያስፈልግም። ከዚያ በሚቀጥሉት ቀናት ተከታተሉት።

ካካውን የት እንድፋው? ጓሮ ወይም እንሰት ሥር መጣል ልክ አይደለም። ፖፖው ውስጥ ያለው ሽንት ቤት ይደፋ። ጨርቁ የታጠበበት ውሃም እንዲሁ። ዳይፐር የምትጠቀሙ ከሆነ ውሻ እንዳይጎትተው መንገድ ላይ አትጣሉት።

ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ በቀን ብዙ ጊዜ ቢጫና ለስላሳ ካካ ቢልስ? ይህ ብዙውን ጊዜ ደኅና ነው። ከወትሮው በጣም ከቀጠነ ወይም ደም ካለበት ግን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

በመስቀል ቤት በእንግዳ ይሞላል። ዘመድ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ሕፃኑ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ያን ጊዜ «ሕፃኑን ከመያዛችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ» ማለት ነውር አይደለም። ለትንሽ ልጅ ጥሬ ክትፎ አታጉርሱ። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ሊያስተላልፍ ይችላል። የእሱን አብስሉለት።

አንዳንድ ሰው «ልጁ የታመመው እናቱ ቆሻሻ ስለሆነች ነው» ይላል። ይህ ፍርድ ልክ አይደለም። መታጠብ ውሃ ይፈልጋል። በየካቲት 2015 ዓ.ም. የወልቂጤ ነዋሪዎች ባዶ ጀሪካን ይዘው «ውሃ አጣን» እያሉ አደባባይ ወጥተው ነበር። በዚያም የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ውሃ በጀሪካን ገዝታ የምታድር እናት ለእያንዳንዱ ጠብታ ትሳሳለች። ይህ የእሷ ጥፋት አይደለም። አባትም ድርሻ አለው። ውሃ ይቅዳ፤ ፖፖ ይድፋ፤ ጨርቅ ይጠብ።

በጥቂት ውሃ መታጠብ ይቻላል። ትንሽ ጀሪካን አንጠልጥሉ። ቀጭን ቀዳዳ ብሱበት። በእንጨት ውተፉት። ሲፈለግ እንጨቱ ይነቀላል፤ ውሃው በቀጭኑ ይወርዳል። ሳሙና ከሌለ በአመድ ታጠቡ። ከሁሉ በፊት ሁለቱን ጊዜ አትርሱ። አንደኛ፣ ካካ ከጠረጋችሁ በኋላ። ሁለተኛ፣ ምግብ ከመንካታችሁ በፊት።

ተቅማጥ ከያዘውስ? ጡት አታስጥሉት። ምግብ አትከልክሉት። ከጤና ጣቢያ ኦአርኤስ ውሰዱ። ብዙውን ጊዜ አንዱ ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። መጠኑ ፓኬቱ ላይ ተጽፏል። አሁን ፊደል ቆጥራችኋል፤ ራሳችሁ አንብቡት። ልጁ በተቀመጠ ቁጥር በትንሽ በትንሹ አጠጡት። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ ካደረ ይደፋ። ዚንክ ከተሰጣችሁ ተቅማጡ ቢቆምም እስከ ታዘዘው ቀን ድረስ ስጡት።

እነዚህን ምልክቶች ካያችሁ ግን አትጠብቁ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ የጠጣውን ሁሉ ካስታወከ፣ ከደነዘዘ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ካካው ደም ካለበት፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሩጡ።

እናንብብ፣ እንወያይ፦
1. ከሚያሳፍረውና ከሚያሳምመው የትኛው ያስፈራል? ለምን?
2. በቤታችሁ የልጅ ካካ የት ይደፋል?
3. ልጅ የያዘች ጎረቤታችሁ ከትምህርት ብትቀር ምን ትሏታላችሁ?