ቅሊታ
እስራኤል ውስጥ፣ በሐይፋ ክርያት ሐይም ባቡር ጣቢያ የቆመ ወጣት ስልኩን ከፍ አድርጎ «ኤን ቅሊታ!» ካለ ኔትወርክ ጠፋብኝ ማለቱ ነው። አጠገቡ ነጠላ የለበሱ እናት ካሉ ግን ያው ቃል ሌላ ነገር ያስታውሳቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1984 በሙሴ ዘመቻ ወይም በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከኢትዮጵያ መጥተው የሰነበቱበትን መርከዝ ቅሊታ። ይህን ስም «የመቀበያ ማዕከል» ብሎ የሚተረጉም ቤተ እስራኤላዊ እምብዛም አይገኝም። መንግሥት ለአዲስ መጤ የሚቆርጠው ድጎማም «ሳል ቅሊታ» ነው፤ የቅሊታ ቅርጫት እንደማለት።

የቃሉ ሥር ቅ-ል-ጥ ነው፤ ጥን የዛሬ ዕብራይስጥ ተናጋሪዎች ት ይሏታል። ወደ ውስጥ ወስዶ ማስቀረት ነው ነገሩ። ተተክሎ የጸደቀ ችግኝ «ኒቅላት» ይባላል። ነገሩ የገባው ሰው «ቃላቲ» ይላል። ምልምል ወታደር የሚረከበው ባኩም ሰፈር ስሙ «የቅሊታና የምደባ ሰፈር» ከሚሉት ቃላት ተቆርጦ የተቀጠለ ነው። ካሴት «ቃሌቴት»፣ እኛ ሸክላ የምንለው ደግሞ «ታቅሊት» ነው። አማርኛ ለችግኙ መጽደቅን፣ ለድምፁ መቅዳትን፣ ለእንግዳው መቀበልን ለየብቻ ሰጥቷል። እንግዳ የሚቀበል ሰው ደጅ ድረስ ይወጣል፤ ቅሊታ ግን ለእኔ ጆሮ ውሃ የጠጣ መሬትን ይመስላል፤ የገባው ከዚያ በኋላ አይታይም።

ክርያት ሐይም እ.ኤ.አ. በ1933 ተቆርቁሮ፣ በዚያው ዓመት በተገደለው በሐይም አርሎሶሮቭ ስም የተጠራ ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ትውልደ ኢትዮጵያዊው ወጣት ሰሎሞን ተካ ከሥራ ሰዓቱ ውጪ በነበረ ፖሊስ ጥይት የሞተውም እዚህ ነው። ከዚያ በኋላ በተቃውሞ በየከተማው መንገድ ከዘጉት ወጣቶች ብዙዎቹ እስራኤል ውስጥ የተወለዱ ነበሩ። እዚያው የተወለደ ሰው ስለ ምን ቅሊታ ይጠየቃል?

ቅሊታ ፈጽሞ የማይመለከታቸውም አሉ። አረጋውያንን የሚጦሩ ፊሊፒናውያን በሥራ ቪዛ ስለሚገቡ የቅሊታ ሚኒስቴር ደጅ አይረግጡም። (አገሬው ከሌላ አገር የመጣችውን አስታማሚ እንኳ «ፊሊፒኒት» ማለት ለምዷል።) በቋንቋቸው በታጋሎግ ሰው መቀበል «ፓግታንጋፕ» ነው፤ የስልኩ «ሲግናል»፤ መረዳት ከስፓኒሽ የተወረሰው «ኢንቲንዲ»። እነሱም እንደ አማርኛው ለእያንዳንዱ የየራሱ ቃል አላቸው።

ከዚያው ከቅሊታ ሥር የወጣ አንድ ቃል ግን ሁሉንም ይነካል፦ «ሚቅላት»። በኦሪት ዘኍልቍ ሳያስበው ነፍስ ያጠፋ ሰው ይሸሽባቸው የነበሩት ስድስቱ የመማፀኛ ከተሞች በዕብራይስጥ የሚጠሩት በዚህ ቃል ነው። ዛሬ ከመሬት በታች የተሠራ የኮንክሪት መጠለያ ሆኗል። ታጋሎግ «ሲሉንጋን» ይለዋል፤ «ሲሎንግ» ከተባለው፣ ከቤት ወለል በታች ካለው ጥላ የወጣ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2024 እንደሆነው ሮኬት ወደ ሐይፋ ሲወነጨፍ፣ ሳይረን ሲጮህ አሮጊቷም አስታማሚዋም ነጠላ ለባሿም ወደ ሚቅላት ይወርዳሉ። ሁሉም ስልካቸውን ያወጣሉ፤ ልጅ የት እንዳለ ለመጠየቅ፣ ማኒላ ለመደወል። ግድግዳው ግን ወፍራም ነው። ኤን ቅሊታ።