የልጆችና የወጣቶች የስኳር ሕመም በመንዝ፣ በግሼ እና በመርሐቤቴ

ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨት ሲያቆም የሚከሰት ሲሆን፣ በአብዛኛው በልጅነትና በወጣትነት ዕድሜ ይጀምራል። ጣፋጭ በመብላት የሚመጣ ወይም ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ አይደለም።

የሕመሙ ስርጭት ከአገር አገር እጅግ ይለያያል። ከፍተኛው ቁጥር የሚመዘገበው በፊንላንድና የጣሊያን ደሴት በሆነችው ሰርዲኒያ ነው። በእነዚህ ቦታዎች ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ከሆነ 100,000 ልጆች መካከል በየዓመቱ 40 ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ በሕመሙ ይያዛሉ። በኢትዮጵያ የሚመዘገበው ቁጥር ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። ይሁን እንጂ ሳይመረመር ሕይወቱ ያለፈ ልጅ በመዝገብ ላይ አይገኝም።

ለሰሜን ሸዋ ገጠር በኑሮ ሁኔታ የሚቀርበው ማስረጃ ከጎንደር የተገኘው ነው። በጎንደርና በጅማ ተካሂዶ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የገጠር ታካሚዎች በአብዛኛው ድሆች፣ ከሲታዎችና ወንዶች ነበሩ። ጥናቱ ሕመሙ ከምግብ እጥረት ጋር ሊኖረው የሚችለውን ግንኙነት ዳግም ያነሣ ሲሆን፣ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽንም በ2025 እ.ኤ.አ. ከምግብ እጥረት ጋር ለተያያዘው ሕመም «ዓይነት አምስት» የሚል ስያሜ ሰጥቷል። ስለዚህ የስኳር ሕመም የሀብታምና የወፍራም ሰው ነው የሚለው አመለካከት ስሕተት ብቻ ሳይሆን ለገጠር ልጅ አደገኛም ነው።

ወላጆች ሊያስተውሏቸው የሚገቡ ምልክቶች የማያቋርጥ ጥማት፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ እየበሉ መክሳትና ድካም ናቸው። ሌሊት መሽናት ትቶ የነበረ ልጅ እንደገና መኝታውን ማርጠብ ከጀመረም ሊመረመር ይገባል። ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ፈጣንና ጥልቅ አተነፋፈስ ወይም መፍዘዝ ከታከለበት ግን ሕይወትን የሚያሳጣ ደረጃ ላይ ደርሶ ሊሆን ስለሚችል ማደር የለበትም። እነዚህ ምልክቶች በወባ ወይም በሌላ ሕመም ሊሳሳቱ ስለሚችሉ፣ ቤተሰብ የደም ስኳር እንዲለካ በግልጽ መጠየቅ ይችላል። ምርመራው ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ጠብታ ደም በደቂቃ ውስጥ ውጤት ይሰጣል።

ምርመራው በአቅራቢያ ባለው ጤና ጣቢያ ይጀመራል። ከዚያ በላይ ለሚያስፈልገው ሕክምና በመሐል ሜዳ፣ በዓለም ከተማ (እናት ሆስፒታል) እና በደብረ ብርሃን ሆስፒታሎች ይገኛሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባላት የታደሰ መታወቂያና የሪፈር ወረቀት ይዘው መሄድ ይኖርባቸዋል።

ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ ኢንሱሊን በየቀኑ መውሰድ አለበት፤ ሲሻለውም አይቋረጥም። ጸበል የሚጠመቅ ታካሚ ኢንሱሊኑን ይዞ ይሄዳል። ጾምን በተመለከተ ደግሞ አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር ይገባል፤ ኢንሱሊን ወስዶ ምግብ ማዘግየት የደም ስኳርን በድንገት ዝቅ ያደርጋልና።

የመድኃኒቱ አቀማመጥ በእነዚህ ወረዳዎች ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። በመንዝና በግሼ ደጋ የሌሊት ውርጭ፣ በመርሐቤቴ ቆላ ደግሞ ሙቀት ያበላሸዋል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ጠርሙሱ ውኃ በማያስገባ ዕቃ ታሽጎ፣ በውኃ በራሰ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ጥላ ባለበት ስፍራ ሊቀመጥ ይችላል። የተከፈተ ጠርሙስ በአብዛኛው ከ28 ቀናት በላይ አያገለግልም። አንድ ጊዜ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም መወጋት የለበትም፤ በሌላ እንዲተካ ወደ ጤና ተቋሙ ይመለሳል።