ግነት በቤታችን አነጋገርና በልጆቻችን ደብተር

በአማርኛ የአነጋገር ዘይቤ አንድን ነገር ከልኩ በላይ አግዝፎ ወይም ከልኩ በታች አሳንሶ መግለጽ ግነት ይባላል። በዕብራይስጥ «ጉዝማ» የሚሉት ነው። ልጆቻችን ስሙን በትምህርት ቤት ከመስማታቸው በፊት ነገሩን በቤታቸው ጠግበውት ያድጋሉ። እናት «ሺህ ጊዜ ነገርኩህ» ትላለች፤ አባት ከሥራ ሲገባ «በረሃብ ሞትኩ» ይላል፤ አያት የልጅ ልጃቸውን ለማጉረስ «አፈር ስሆን» እያሉ ይለምናሉ። ፉከራና ቀረርቶማ ያለ ግነት አይቆሙም።

ይሁን እንጂ ይኸው ልጅ ስለ ሰግድ በዓል ጻፍ ሲባል «ብዙ ሰው ነበር፣ በጣም ደስ ይል ነበር፣ ምግቡም በጣም ይጣፍጥ ነበር» ብሎ ደብተሩን ይዘጋል። «በጣም» የሚለው ቃል አሥር ጊዜ ቢደጋገም ሥዕል አይወጣውም። በቤት የሰማውን አነጋገር ለጽሑፍ የሚገባ አድርጎ አይቆጥረውምና።

ወላጆች በቅድሚያ የሚያነሱልን ጥያቄ «ይህማ ውሸት ማስተማር አይሆንም ወይ?» የሚል ነው። ልዩነቱን በምሳሌ እናሳይ። ከአውቶቡስ ጣቢያው እስከ ቤት ያለው መንገድ 500 ሜትር ሆኖ ሳለ ልጁ «2 ኪሎ ሜትር ነው» ብሎ ቢጽፍ ዋሽቷል፤ አንባቢው ሊያምነው ይችላልና። «ከጣቢያው ስንነሣ ታናሽ ወንድሜ ይድህ ነበር፤ ቤት ስንደርስ ጢም አብቅሏል» ቢል ግን የሚታለል ሰው የለም። ግነት ሊሆን እንደማይችል ራሱ ያስታውቃል፤ የሚያስተላልፈው የመንገዱን ርዝመት ሳይሆን የልጁን ድካም ነው። እንግዲህ ትንሽ ብቻ የተጋነነ ነገር ነው አደገኛው።

ኦሪታችንም በዚህ አነጋገር የተሞላ ነው። የአብርሃም ዘር በከዋክብትና በምድር አፈር ተመስሏል። በመጽሐፈ መሳፍንት የብንያም ወንጭፈኞች ጠጉር እንኳ የማይስቱ ተብለዋል። በታልሙድ ሑሊን በተባለው ክፍል ረቢ አሚ፣ ኦሪትም ነቢያትም ጠቢባንም በተጋነነ አነጋገር ተናግረዋል ሲሉ፣ ከኦሪት የሚጠቅሱት እስከ ሰማይ የተመሸጉ ስለተባሉት የከነዓን ከተሞች ነው። ታልሙድ በአገር ቤት ከአባቶቻችን እጅ ያልነበረ መጽሐፍ ቢሆንም፣ ይህን አነጋገር ግን ቄሶቻችን በግዕዝ ሲያነቡት ኖረዋል። ከተሞቹን እንዲህ አድርገው ያወሩት ሰላዮች ራሳቸውንም እንደ አንበጣ አሳንሰው በማየታቸው ሕዝቡ ደንግጦ ሌሊቱን ሲያለቅስ እንዳደረ ለልጆች መንገር ይጠቅማል። ግነት ሰሚውን የማንቀሳቀስ ኃይል አለው፤ ወዴት እንደሚያንቀሳቅሰው የሚወስነው ተናጋሪው ነው።

በቤት የሚሞከር ቀላል ልምምድ እነሆ። ልጁ አንድ ተራ ዓረፍተ ነገር ይበል፤ ለምሳሌ «በሐምሲኑ ቀን ቤቱ ሞቀ»። እናት «ምን ያህል?» ብላ ትጠይቀው። «እንደ ምጣድ ጋለ» ይላል፤ ይህ ገና ማነጻጸር ነው። ደግማ «ምን ያህል?» ትበለው። «አያቴ ምጣዱን ትታ እንጀራውን ወለሉ ላይ ጋገረች» ሲል ከግነት ደረሰ። መልሱ ልጁ ከሚያውቀው ኑሮ ይውጣ እንጂ ከመጽሐፍ አይለቀም። በአንድ ገጽ አንድ ወይም ሁለት ይበቃል፤ በርበሬ ብቻ የሆነ ወጥ አይበላም።

ወደ ዕብራይስጥ መመለስ ሲመጣ ነገሩ ይለያያል። «በሳቅ ፈነዳሁ» የሚለው «ሂትፖጻጽቲ ሚጽሖቅ» ሆኖ ያለ ችግር ይሻገራል። «አፈር ስሆን» ግን ቃል በቃል ቢጻፍ መምህሯን ያስደነግጣል። ልጁ አማርኛውን እንዳለ አስቀምጦ፣ አያቱ መቼና በምን ድምፅ እንደሚሉት ቢገልጽ ይሻላል።

ከሁሉ በላይ የምናሳስበው በብዙ ትምህርት ቤቶች በ7ኛ ክፍል ግድም ስለሚሠራው የቤተሰብ ሥር ጽሑፍ፣ ማለትም ስለ «ዓቮዳት ሾራሺም» ነው። ልጁ አያቱን ስለ ሱዳን መንገድ ይጠይቃል። እሳቸውም «ሰዉ እንደ ቅጠል ረገፈ፤ በየቀኑ እንቀብር ነበር» ይሉታል። የመጀመሪያው አነጋገር ዘይቤ ነው። ሁለተኛው ግን ቃል በቃል እውነት ሊሆን ይችላል። «ሺህ ጊዜ ነገርኩህ» ሲባል ያደገ ልጅ ይህንንም ጉዝማ ነው ብሎ ቢያልፈው የሞቱት ሁለተኛ ይሞታሉ። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ያለቁት ወገኖቻችን 4,000 ገደማ እንደሆኑ ይገመታል። ልጁ ይህን ለማድመቅ «ሚሊዮን ሰው አለቀ» ቢል ደግሞ አንባቢው ሚሊዮኑን ሲጥል አራቱን ሺህም አብሮ ይጥላል።

ከታሪካችን ሳይጋነን ግነት የሚመስልም አለ። በዘመቻ ሰሎሞን፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 24 እና 25 ቀን 1991፣ በ36 ሰዓት ያህል ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ተጓጓዘ፤ ወንበሮቹ የተነሡለት አንድ የኤል ዓል ቦይንግ 747 በአንድ በረራ ከ1,000 በላይ ሰው ጫነ። እንዲህ ያለውን ልጁ በደረቁ፣ በቁጥሩ ይጻፈው። ግነቱን አብራሪው ሲነሣ ጆሮው ላይ ለተሰማው ጩኸት፣ በዕቅፍ ለተያዘው ሕፃን ክብደት፣ ለመጀመሪያዋ የእስራኤል ብርቱካን ጣዕም ያቆየው።

ስለዚህ ለዚህ ሥራ ደብተሩን ለሁለት መክፈል ይመከራል። በቀኝ በኩል የአያት ቃል በአማርኛ ወይም በትግርኛ እንደተነገረ ይስፈር። በግራ በኩል ልጁ የጠየቀው ይጻፍ፦ ስንት ቀን ተጓዛችሁ? ከየት መንደር ተነሣችሁ? ማን ማን ቀረ? ስሙ ማን ነበር? አያት መልሱን ካላስታወሱ ቦታው ባዶ ይተው፤ ሌላ ዘመድ ሊሞላው ይችላል።