አራቱ ፊደላት

ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን የሚበር መንገደኛ በመሳፈሪያ ወረቀቱ ላይ «ኤስ» የተባለችውን የላቲን ፊደል አራት ጊዜ ተደርድራ ያገኛት እንደ ሆነ፥ ለተጨማሪ ፍተሻ ተመርጧል ማለት ነው። ከሰልፉ ተለይቶ ሰውነቱ ይዳሰሳል፤ ሻንጣው ይበረበራል፤ እጁና ዕቃው በጨርቅ እየተጠረገ የፈንጂ ርዝራዥ እንዳለበት በመሣሪያ ይመረመራል። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ለሚሄዱ አዛውንት ይህ በሰው ፊት ሲሆን ቀላል ነገር አይደለም።

ጥበቃውን አንነቅፍም፤ መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. እኛ ዕንቁጣጣሽን ስናከብር በኒው ዮርክ የደረሰው እልቂት አይረሳም። አንዳንዱም የሚመረጠው እንዲያው በዕጣ ነው። እኛን የሚያሳስበን የስም መመሳሰል ነው። በ1996 ዓ.ም. ሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲ እንኳ ስማቸው ከተጠርጣሪ ስም ጋር ተምታቶ በአውሮፕላን ማረፊያ ደጋግመው ታግደዋል። እሳቸውስ ሴናተር ነበሩ፤ ባለሥልጣን ጠርተው ነገሩን አስተካከሉ። የእኛ ሰው ግን የቤተ ሰብ ስም የለውም፤ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል። መሐመድ አሕመድ የሚባለውስ ስንት ነው! በላቲን ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ጸሐፊ በአንድ ዓይነት፥ ሌላው በሌላ ይጽፈዋል።

በዚህ የተቸገረ መንገደኛ ለአሜሪካ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት አመልክቶ፥ ቲኬት በቆረጠ ቍጥር የሚያስመዘግበው መለያ ቍጥር ሊሰጠው ይችላል። ስለ ምን ተመርጦ እንደ ነበረ ግን የመልሱ ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ አይገልጽለትም።