የነፍሳት ጥቅምና ጥበቃቸው

በምድር ላይ ካሉት እንስሳት በዓይነት ብዛት ነፍሳትን የሚወዳደር የለም። ሊቃውንት እስከ ዛሬ መርምረው ስም የሰጧቸው የነፍሳት ዓይነቶች አንድ ሚሊዮን ያህል ናቸው፤ ይህም ከታወቁት የእንስሳት ዓይነቶች ሁሉ ከእኩሌታው ይበልጣል። ነፍሳት የሚባሉት ስድስት እግር ያላቸውና ሰውነታቸው በራስ፥ በደረትና በሆድ የተከፈለ ናቸው። ስለዚህ ንብ፥ ጉንዳን፥ ጥንዚዛና ቢራቢሮ ከዚህ ወገን ሲሆኑ፥ ሸረሪትና መዥገር ግን ስምንት እግር ስላላቸው ከነፍሳት አይቈጠሩም።

ነፍሳት ሲነሡ ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ጉዳታቸው ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። የወባ ትንኝ በሽታ ታስተላልፋለች፤ ነቀዝ በጎተራ ያለውን እህል ይበላል፤ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በአገራችን ያደረሰውን ጥፋትም አልረሳነውም። ነገር ግን በጥቂቶቹ ጥፋት ሁሉንም መኰነን ፍርድ ማጓደል ነው። የሚጠቅሙን ብዙዎች ናቸውና ዋና ዋናውን ባጭሩ ላስረዳ።

አንደኛ፥ ሰብላችንን ፍሬ ያስይዛሉ። ለምሳሌ ኑግን እንውሰድ። የኑግ አበባ ከራሱ ተክል በሚያገኘው ብናኝ ፍሬ አይዝም፤ ብናኙ ከሌላ የኑግ ተክል ሊመጣለት ይገባል። ይህንንም የሚያመላልሱለት በተለይ ንቦች ናቸው። እንግዲህ በጾም ቀን ወጥ የሚሠራበት የኑግ ዘይት የገበሬው ድካም ብቻ ሳይሆን የንብም ድካም ውጤት ነው። ዱባም እንዲሁ ነው። ወንዴውና ሴቴው አበባ ለየብቻ ስለሆኑ ነፍሳት ካልጐበኟቸው ዱባው አይያዝም። ይህን ለማየት የሚፈልግ በጓሮ ያለውን የዱባ አበባ ይመልከት፤ ከሥሯ እንደ ትንሽ ኳስ ያበጠችው ሴቴዋ ናት።

ሁለተኛ፥ ምድርን ያጸዳሉ። ወደ አውስትራሊያ የቀንድ ከብት የገባው እ.ኤ.አ. በ1788 ነው። የዚያ አገር ጥንዚዛዎች የለመዱት የካንጋሮን ደረቅ ፋንድያ ስለ ነበረ የላሙን እበት አልነኩትም። ስለዚህ እበቱ ሣሩን ሸፍኖ ቀረ፤ ዝንብም ፈላበት። በመጨረሻ ሊቃውንቱ መላ አግኝተው ከ1968 ጀምሮ እበት የሚቀብሩ ጥንዚዛዎችን፥ ከእነዚህም ብዙዎቹን ከአፍሪካ፥ እያመጡ ለቀቁ። እኛ ዘንድ እበት እያንከባለለች ስትሄድ አይተን የምንስቅባት ጥንዚዛ ለሌላው አገር በባሕር ማዶ የምትፈለግ ሠራተኛ ሆነች ማለት ነው።

ሦስተኛ፥ ጎጂዎቹን ነፍሳት ራሳቸው ነፍሳት ይበሏቸዋል። ጀርባዋ ነጠብጣብ ያለበት ቀይ ጥንዚዛ የጎመኑን ክሽክሽ እየለቀመች ትበላለች።

አራተኛ፥ ማርና ሰም ይሰጡናል። ማር ለጠጅ፥ ሰም ለጧፍ መዋሉን ሁሉ ያውቃል። ቅኔያችንም ሳይቀር የንብ ባለዕዳ ነው። አንጥረኛ ጌጡን በሰም ቀርጾ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ከዚያም ሰሙን አቅልጦ በቦታው ወርቅ ያፈስበታል። ሊቃውንቶቻችን የቃሉን ላይኛ ትርጕም ሰም፥ የተሰወረውን ምሥጢር ወርቅ ያሉት ከዚህ ሥራ ወስደው ነው።

ይህን ሁሉ የሚጠቅሙን ፍጥረታት ግን ዛሬ በብዙ አገር እየቀነሱ ነው። በጀርመን አገር ጥበቃ በሚደረግላቸው 63 ቦታዎች በወጥመድ የተያዙ በራሪ ነፍሳት እየተመዘኑ ሲጠኑ፥ በ27 ዓመት ውስጥ ክብደታቸው ከ75 በመቶ በላይ መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2017 ተገለጠ። በ1919 ሳይሆን በእኛው ዘመን፥ በ2019፥ ከ1.7 ሚሊዮን የሚበልጡ የባቫሪያ ነዋሪዎች ነፍሳትን የሚጠብቅ ሕግ እንዲወጣ ፈርመው ጠየቁ፤ ምክር ቤቱም በዚያው ዓመት ተቀበላቸው።

ነገሩ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። አያቴ በገጠር ንብ ያነባሉ። አምና በመስከረም ባቄላው አብቦ ሳለ አንድ ጎረቤት ማሳውን በረፋድ ፀረ ተባይ ረጨ። በማግስቱ ከቀፎዎቹ ሥር የወደቁትን ንቦች በእፍኝ እያፈስን ብናነሣ አላልቅ አሉን። አያቴ ግን ጎረቤታቸውን ጠርተው፥ «ልጄ፥ አትርጭ አልልህም፤ እህልህ ነው። ግን አበባው ላይ አትርጭ፤ ግድ ከሆነብህም ማታውኑ ንገረኝና የቀፎዬን አፍ ልዝጋ፤ አንተም ንቡ ከገባ በኋላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እርጭ» አሉት። እሱም እሺ አለ። የእርሻ ባለሙያዎችም የሚመክሩት ይህንኑ ነው። ስለ ንብ ሀብት ልማትና ጥበቃም አዋጅ ቍጥር 660/2002 ወጥቷል፤ ሆኖም አዋጅ የሚሠራው ጎረቤትና ጎረቤት ሲነጋገሩ ነው።

እኛ ተማሪዎችስ ምን እናድርግ? ወላጆቻችን መድኃኒት ከመርጨታቸው በፊት ይህን እንንገራቸው። በግቢያችንና በቤታችን ዙሪያ ንብ የሚቀስማቸውን ዋንዛ፥ ብሳናና ግራዋ እንትከል። ያገኘነውን ነፍሳት ሁሉ በጫማ መርገጥ ትተን እየተመለከትን እንመዝግብ። ደግሞም የተባበሩት መንግሥታት ግንቦት 12ን የዓለም የንብ ቀን አድርጎ ስለ ወሰነ፥ ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ በየዓመቱ ይከበራል። ቀኑ የተመረጠው በ1734 የተወለደውን የስሎቬንያ ንብ አናቢ አንቶን ያንሻን ለማሰብ ነው።

የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች! ይህን ቀን በትምህርት ቤታችን እንድናከብር፥ በዕለቱም አንድ ንብ አናቢ መጥተው እንዲያስተምሩን፥ እያንዳንዱም ክፍል አንድ ዛፍ እንዲተክል እለምናለሁ። ችግኝ የማፍላቱን ሥራ እኔና የክፍል ጓደኞቼ ለመጀመር ዝግጁ ነን።